ዓይነ ስውር ባልደረባዬ «አብረሽኝ ሩጪ» አለችኝ፤ ከየት ልጀምር?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ሜክሲኮ አካባቢ ባለ መሥሪያ ቤት የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ 36 ዓመቴ ነው። ከስድስት ሳምንት በኋላ፣ ኅዳር መጨረሻ ላይ፣ አካል ጉዳተኞችን ለመደገፍ ከመስቀል አደባባይ የሚነሳ የ5 ኪሎ ሜትር ሩጫ አለ። መሥሪያ ቤቱ ቲሸርት ገዝቶልናል። ማየት የተሳናት ባልደረባዬ «አንቺ አብረሽኝ ሩጪ» አለችኝና እሺ አልኳት። ግን ከትምህርት ቤት ወዲህ ሮጬ አላውቅም፤ ደረጃ ስወጣ እንኳ ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ይዣት ብወድቅስ? ደግሞ ቢሮ ውስጥ «ገንዘቡ የትም አይደርስም» የሚሉ አሉ። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ሳትዘጋጂ እሺ ማለትሽን እንደ ስህተት አትቁጠሪው። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው የሚሸሸው። ሥራዬ ፊዚዮቴራፒ ነው። ከሥራ ውጪ ደግሞ ማየት ከተሳናቸው ሯጮች ጋር ጠዋት ጠዋት እሮጣለሁ። ስለዚህ ጥያቄሽ በሁለት በኩል ይነካኛል።

የጻፍሽውን ሁለቴ አነበብኩት። ስለ ትንፋሽሽ አለ፤ ስለ መውደቅ አለ፤ ስለ ገንዘቡ አለ። እሷ ምን እንደምትፈልግ ግን አንድም መስመር የለም። ክፋት እንደሌለበት አውቃለሁ። ሁላችንም እንዲህ ነን። «እንዴት ልርዳት?» ብለን እንጨነቃለን፤ ራሷን መጠየቁ ይረሳናል። ስለዚህ የመጀመሪያው ልምምድሽ ይኼ ይሁን። ነገ ምሳ ሰዓት ላይ ማኪያቶ ይዛችሁ ተቀመጡና ጠይቂያት።

ሮጣ ታውቃለች? ብርሃንና ጥላ ትለያለች ወይስ ምንም አይታያትም? በየትኛው ጎኗ ብትሆኚ ይመቻታል? እስከ መጨረሻው መሮጥ ነው የምትፈልገው ወይስ እየተራመዱ እየሮጡ መድረስ? ምናልባት ካንቺ የጠነከረች ትሆናለች። በየቀኑ የታክሲ ሰልፍ፣ የተቆፈረ መንገድና የሰው ግፊያ አልፋ ቢሮ የምትገባ ሴት ጉልበት እንደማያንሳት እገምታለሁ።

አንድ የሕክምና ጥያቄም አለ። ይኼን ላንቺ መንገር ግዴታዋ አይደለም፤ ሐኪሟ ግን ማወቅ አለበት። ማየት ያቆመችው በስኳር ሕመም ምክንያት ከሆነ፣ ወይም የዓይኗ ሬቲና (ብርሃን የሚቀበለው የውስጠኛው የዓይን ሽፋን) የመላቀቅ ችግር ካለበት፣ ሩጫው የሚያመጣው መንገጫገጭና ጫና ሊጎዳት ይችላል። ከመጀመራችሁ በፊት የዓይን ሐኪሟን ታማክር።

አሁን ወዳንቺ ሥራ እንምጣ። በስፖርቱ ቋንቋ «ጋይድ» ይባላል። እኔ «አብሮ ሯጭ» ማለት ይቀለኛል፤ ሥራውም እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 በፓሪስ ፓራሊምፒክ ማየት የተሳናት ሯጫችን ያየሽ ጌቴ በሴቶች 1,500 ሜትር ወርቅ ስታመጣ ከጎኗ አብሯት የሚሮጥ ሰው ነበረ። በእሷ ምድብ ያሉ ሯጮች ሁሉም እኩል እንዲሆኑ ዓይናቸው ይሸፈናል። አብሮ ሯጩ መጎተት አይችልም፤ መግፋትም አይችልም። የመጨረሻውን መስመር ቀድሟት ቢያልፍ ውጤቷ ይሰረዛል። የናንተ ሩጫ ሜዳሊያ ባይኖረውም ይኼ ሕግ እንዳለ ይሠራላችኋል። ፍጥነቱን የምትወስነው እሷ ናት። «ትንሽ እንራመድ» የምትለውም፣ «እንጨምር» የምትለውም እሷ ናት።

ገመድ ልግዛ ብለሽ አትልፊ። አንድ የጫማ ክር ይበቃል። ጫፍና ጫፉን ቋጥሪው፤ ከዚያ መሃሉን አንዴ ጠምዝዘሽ ሁለት ቀለበት አውጪለት። አንዱን እሷ ትያዝ፣ ሌላውን አንቺ ያዥ። በእጆቻችሁ መካከል 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይቅር። ከዚያ ከረዘመ የእጅሽን እንቅስቃሴ አያደርስላትም። በጣም ካጠረ ክርናችሁ ይጋጫል። ጣታችሁ ላይ ግን አትጠምጥሙት። አንዳችሁ ከወደቃችሁ ክሩ ወዲያው ከእጅ መውጣት አለበት።

አንቺ በግራዋ ከሆንሽ የእሷ ግራ እጅና ያንቺ ቀኝ እጅ ክሩን ይይዛሉ። ሁለቱ እጆች አብረው ወደ ፊት፣ አብረው ወደ ኋላ። እጅ ሲገጥም እግርም ይገጥማል። የውጭ እግሮቻችሁ አንድ ላይ ይነሳሉ፤ ቀጥሎ የውስጦቹ። በመጀመሪያው ቀን ቆማችሁ እጃችሁን ብቻ አወዛውዙ። ለሚያይ ሰው ምን እያደረጉ ነው ሊያሰኝ ይችላል፤ ግድ አይስጣችሁ። በሁለተኛው ቀን ተራመዱ። ሩጫው በሦስተኛው ቀን ይምጣ። እርምጃሽ ከእርምጃዋ ካልገጠመ የምታስተካክዪው አንቺ ነሽ።

ከእግርሽ ይልቅ የሚያስፈልጋት አፍሽ ነው። እዚህ ላይ የደረሰብኝን ልንገርሽ። ለመጀመሪያ ጊዜ አብሬያቸው የሮጥኩት ሰው በዕድሜ ይበልጡኛል፤ ጋሼ ነው የምላቸው። ከእስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ብዙም ሳንርቅ፣ ገና ጎህ ሳይቀድ፣ ሶምሶማ እየሮጥን ነበር። ድንገት የመኪና ፍጥነት መቀነሻው ጉብታ ፊታችን ድቅን አለ። «ይጠንቀቁ!» ብዬ ጮህኩ። ጋሼ እንደሰሙኝ ባሉበት ደርቀው ቆሙ። እኔ አልቆምኩም። ክሩ ጎተታቸውና ሁለታችንም አስፋልቱ ላይ ተዘረርን። መዳፋቸው ተልጦ ይደማል። አልተቆጡኝም። ቁጭ ብለው አቧራቸውን እያራገፉ «ልጄ፣ ከምኑ ነው የምጠነቀቀው?» አሉኝ። ጥያቄዋ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለች።

እውነት ነው፤ ከምኑ? ከፍ ይላል ወይስ ዝቅ? በቀኝ ነው በግራ? በስንት እርምጃ? «ተጠንቀቂ» የሚለው ቃል ከማስደንገጥ በቀር የሚነግራት ነገር የለም። በሱ ፋንታ እንዲህ በያት፦ «ጉብታ አለ፤ ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ፣ ውጪ።» «ጉብታው አለቀ፤ ውረጂ።» «የውሃ ላስቲኮች መሬት ላይ አሉ፤ እግርሽን ከፍ እያደረግሽ።» «ቀስ ብለን ወደ ቀኝ እንታጠፋለን፤ አሁን።» «እዚያ ጋ»፣ «ወዲህ»፣ «በዚህ በኩል» የሚባሉትን እርሺያቸው። ማስጠንቀቂያው ሁልጊዜ ቀድሞ ይምጣ። ጉብታው ላይ ስትደርሱ መናገር ከዝምታ አይሻልም።

መንገዱ ሲደላደልም አፍሽን አትዝጊባት። «ወደ 100 ሜትር ያህል ምንም የለም» ካልሻት ትከሻዋን ፈታ አድርጋ ትሮጣለች። የምታዪውንም አካፍያት። ከፊታችሁ አባት ልጁን ትከሻው ላይ ተሸክሞ ሊሮጥ ይችላል። ነጠላቸውን አደግድገው የሚሮጡ እናት ሊኖሩ ይችላሉ። ይኼን ካልነገርሻት 5 ኪሎ ሜትሩን የጫጫታ ድምፅ ብቻ እየሰማች ትጨርሰዋለች። እሷም የመጣችው ለዚያው ሩጫ ነው።

አሁን ትንፋሽሽን የማነሳው በምክንያት ነው። ትንፋሽሽ ሲያልቅ ድምፅሽ ያልቃል፤ ድምፅሽ ካለቀ መንገዱን የሚነግራት የለም። ስለዚህ መለኪያሽ ሰዓት አይሁን። እየሮጥሽ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳትቆራርጪ መናገር ከቻልሽ ፍጥነትሽ ልክ ነው። ካልቻልሽ ቀንሺ። መስቀል አደባባይ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ነው። እዚህ በአንድ ትንፋሽ የምትስቢው ኦክስጅን ጅቡቲ ወደብ ላይ ከምትስቢው በሩብ ያህል ያንሳል። ኑሮሽ እዚሁ ስለሆነ ሰውነትሽ ለምዶታል። ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ለሚውል ሰው ግን ልዩነቱ ሩጫ ሲጀምር ይታወቀዋል።

ስድስት ሳምንት ይበቃል፤ አትቸኩዪ እንጂ። በሳምንት ሦስት ቀን፣ ቢያንስ አንዱን ከእሷ ጋር። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት 1 ደቂቃ ሶምሶማ፣ 2 ደቂቃ እርምጃ፣ ይኼንኑ 8 ጊዜ። በሦስተኛውና በአራተኛው ሳምንት 3 ደቂቃ ሶምሶማ፣ 1 ደቂቃ እርምጃ፣ 6 ጊዜ። በአምስተኛው ሳምንት እንደ ልባችሁ እየተራመዳችሁ 35 ደቂቃ ያህል ቆዩ። በመጨረሻው ሳምንት ቀለል አድርጉት። ቅልጥምሽ ወይም ጉልበትሽ ከታመመና በማግስቱ ካልተወሽ ሁለት ቀን እረፊ። «ስትለማመጂው ይተውሻል» የሚልሽን አትስሚ።

ከመጀመርሽ በፊት ግን ጤና ጣቢያ ጎራ በይና የደም ግፊትሽንና የደም መጠንሽን ተለኪ። በ36 ዓመት ደረጃ ላይ ትንፋሽ ማጠሩ ብዙ ጊዜ የእንቅስቃሴ ማነስ ነው። የደም ማነስም ግን እንደዚያው ያደርጋል፤ ሴቶች ላይ ደግሞ ይበዛል። ደረትሽን ከጨመቀሽ፣ ራስሽን ካዞረሽ ወይም ልብሽ ካለቅጥ ከመታ ልምምዱን አቁመሽ ሐኪም ዘንድ ሂጂ።

ቦታውን በተመለከተ፣ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ መስቀል አደባባይ ደረጃዎቹ ላይ የሚለማመደው ሰው ብዙ ነው። ለናንተ ጅማሬ ደረጃውን አልመርጠውም። ጃንሜዳን የመሰለ መኪና የማይገባበት ሜዳ ይሻላል። ክሩን፣ እጁንና ቃላቱን እዚያ ከለመዳችሁ በኋላ አስፋልት ውጡ። ከዚያ አንድ እሑድ ጠዋት፣ ከተማው ሳይነቃ፣ የሩጫውን መንገድ ከጫፍ እስከ ጫፍ በእግራችሁ ሂዱት። የቱ ጋ ጉብታ አለ? የቱ ጋ የቱቦ ክዳን ጎድጉዷል? መታጠፊያው የቱ ጋ ነው? እሷ መንገዱን በእግሯ አንዴ ካወቀችው በዕለቱ የምትነግሪያት ግማሹን ቀድማ ታውቀዋለች።

ዳገቱንም ተመልከቱ። ከአደባባዩ በፍልውሃ በኩል ወደ ላይ የሚወስዳችሁ ከሆነ፣ ወይም ከለገሃር በቸርችል ወደ ፒያሳ ከሆነ፣ ይቆነጥጣል። ሰው ሁሉ ዳገቱን ይፈራል። እኔ አብሬያቸው የሮጥኳቸው ግን የሚፈሩት ቁልቁለቱን ነው። እግር ራሱን ችሎ ሲሮጥና ፊት ለፊት ያለው ሳይታወቅ ሲቀር ያስፈራል። ቁልቁለት ላይ ድምፅሽን አታቋርጪ፣ እርምጃችሁንም አሳጥሩ።

አዘጋጆቹን አስቀድማችሁ አናግሩ። ጥንድ ሆናችሁ እንደምትሮጡ ይወቁ። መነሻው ላይ ከጎን በኩል ቦታ ይስጧችሁ። ዊልቸር ተጠቃሚዎች የሚነሱት መቼ ነው? እነሱ ቀድመው ካልወጡ በሕዝቡ እግር ይዘጋባቸዋል፤ ቁልቁለት ላይ ደግሞ ሰው ይገባባቸዋል። መስማት ለተሳናቸው ሯጮች መነሻውን የሚያሳይ ባንዲራ ይኖራል? ጥይቱም ሆነ ማይክራፎኑ ለእነሱ ምንም አይነግርም። ዊልቸር የሚያስገባ መጸዳጃ ቤት የቱ ጋ ነው? ይኼን ሁሉ መጠየቅ ያንቺ ሥራ አይደለም ትዪኝ ይሆናል። ማንም ሳይጠይቅ የቀረበት ሩጫ ላይ ግን ችግሩ በዕለቱ ነው የሚታየው።

የሞንታርቦው ነገር ብቻውን አንድ ጉዳይ ነው። ለእኔና ላንቺ ሙዚቃው ደስታ ነው። ለእሷ ግን ጆሮዋ ነው የሚወሰድባት። አጠገቡ ከቆማችሁ አንቺንም አትሰማሽም፣ የሰውንም እግር አትሰማም። ከድምፅ ማጉያው ራቁ። የመጀመሪያው ግፊያ እስኪያልፍ አምስትና አስር ደቂቃ ታገሱ። ጥይት ሲተኮስ ካልተነሳን የሚለውን ፉክክር ለሌላው ተዉለት።

ከሕዝቡ የሚመጣው ሌላ ነገርም አለ። መንገድ ዳር «አይዞሽ! በርቺ!» ይባላል፤ ደስ ይላል። «ውይ፣ ምስኪን» የሚልም አይጠፋም። ውሃ የሚያድለው ልጅ አንቺን አይቶ «ውሃ ትጠጣለች?» ይልሻል። መልሱን አትመልሺለት። «ራሷን ጠይቃት» በይው፣ በፈገግታ። ብርጭቆውን ወይም ላስቲኩን እጇ እስኪነካው ድረስ አቅርቢው፤ ደረቷ ላይ አትደግፊው። ፎቶ አንሺ ቢመጣም እንደዚያው፤ ፈቃዱ የሚጠየቀው ከእሷ ነው። አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1969 በመኪና አደጋ እግሮቹ ሽባ ከሆኑበት በኋላ፣ በዓመቱ እንግሊዝ አገር ለአካል ጉዳተኞች ወደሚዘጋጀው የስቶክ ማንዴቪል ውድድር ሄዶ በቀስት ውርወራ ተወዳድሯል። ሮምና ቶኪዮ ላይ ማራቶን ያሸነፈው ሰው ዊልቸር ላይ ሆኖም የሄደው ሊወዳደር ነው። ባልደረባሽም ለዚያው ነው የተመዘገበችው።

ስለ ገንዘቡ የሚያወሩት ባልደረቦችሽ ጥርጣሬያቸው ነውር የለውም። ግን ጥርጣሬውን ይዞ ቁጭ ከማለት መጠየቅ ይሻላል። አዘጋጁ በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ተመዝግቧል? ከአንድ ቲሸርት ዋጋ ስንት ብሩ ለድጋፉ ይውላል? ተቀባዩ ማነው? ደረሰኝ አለው? በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1113 የእነዚህ ድርጅቶች የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢያቸው ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ስለዚህ ሒሳብ ሠራተኛ እንደመሆንሽ መጠን «የወጪያችሁን ዝርዝር ላየው እችላለሁ?» ብትዪ ድፍረት አይሆንም።

እኔ ደግሞ በሙያዬ አንድ ጥያቄ እጨምራለሁ። «ዊልቸር እንሰጥበታለን» ካሉሽ ማን እንደሚለካው ጠይቂ። ዊልቸር እንደ ጫማ ነው፤ ለሰውየው መለካት አለበት። ከሰፋ ጀርባ ያጣምማል። ትክክለኛ መቀመጫ ፍራሽ ከሌለው፣ ከወገቡ በታች ስሜት የሌለውን ሰው ሳያውቀው መቀመጫውን ያቆስለዋል። ያ ቁስል ወራት አልጋ ላይ ያውላል፤ ሕይወትም ያሳጣል። በድምቀት ፎቶ ተነስቶበት ከተሰጠ በኋላ ጎማው ፈንድቶ ጥግ ላይ የቀረ ዊልቸር ብዙ አይቻለሁ። ጥቂት ዊልቸር ተለክቶ ቢሰጥና መለዋወጫ ቢኖረው ከብዙው ይበልጣል። የሚደገፉት ሰዎች ራሳቸው፣ ወይም ማኅበሮቻቸው፣ እንደ ኢትዮጵያ ዓይነ ስውራን ብሔራዊ ማኅበር ያሉት፣ ውሳኔው ውስጥ ካሉ እኔ ልቤ ያርፋል።

መሥሪያ ቤታችሁንም በዚሁ አጋጣሚ ተመልከቱት። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ከወጣ ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ ለአካል ጉዳተኞች መግቢያ ሊኖረው ይገባል። ቲሸርት የገዛላችሁ አለቃ ስለ መግቢያ ደረጃው ሲነሳበት ጆሮ የሚሰጠው አሁን ነው።

ሩጫው ዓለም አቀፉ የአካል ጉዳተኞች ቀን በሚውልበት በኅዳር 24 ሰሞን ከሆነ ጾመ ነቢያት ውስጥ ትገባላችሁ፤ ጾሙ ኅዳር 15 ይገባል። ጾመኞች ከሆናችሁ ዋናው ምግባችሁ የዋዜማው እራት ነው። ሽሮና ምስር በእንጀራ፣ ኋላ ደግሞ በሶ በጥብጣችሁ ጠጡ። ጠዋት መቅመሱን ከንስሐ አባታችሁ ጋር ተነጋገሩበት። የኅዳር ጠዋት ይበርዳል፤ ላያችሁ ላይ ደርባችሁ ውጡ። አዲስ ጫማ በዕለቱ አታጥልቂ።

አንድ የማይታሰብ ነገር በመጨረሻ ልንገርሽ፤ ነጭ በትሯ። የሚታጠፍ ከሆነ ወገብሽ ላይ በምታስሪው ቦርሳ ያዥላት። የማይታጠፍ ከሆነ መድረሻው ላይ የሚቆም ሰው፣ እሷ የምታምነው፣ ይያዝላት። መስመሩን እሷ ቀድማ ትለፍ፤ አንቺ ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ በይ። ከዚያ ሰው ይጯጯሃል፣ ይተቃቀፋል፣ ስልክ ይዞ ይሯሯጣል። አንቺንም የሚያቅፍሽ ይመጣል። ክሩን ያኔ አትልቀቂው። ከግርግሩ አውጪያት፣ የት እንደቆማችሁ ንገሪያት፣ በትሯን እጇ ላይ አድርጊላት። «ያዝኩት» ስትልሽ ክሩን ልቀቂ።